አራት ዲስክ የሚጎርስ ሳጥን

ዲስኩ መንኳኳት ሲጀምር ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ባሌ ፍሰሐ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ የሰው ሰርግ ቪዲዮ እየቆራረጠ ይቀጥላል። እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ከፍርድ ቤት ለመጣ አንድ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ እየከረከምኩ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አይጥ መሰለኝና ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ፈለግኩ። አይጥ የለም። ድምፁ የሚመጣው ፍሰሐ «የድሮዎቹ» ከሚለው ጥቁር ኤክስተርናል ዲስክ ነው።

«ፍሰሐ፣ ይሄ ዕቃ ይንኳኳል።»

«ሁሌም ይንኳኳል።»

«ሁሌም ቢንኳኳ እኔ አልሰማውም ነበር?»

ነቅሎ ሰካው። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት የፋይል ስም አልወጣችም። ደግሞ ነቅሎ ሰካው፤ አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ደርቆ ቀረ። ያኔ ነው ማዳመጫውን ከጆሮው ያወረደው።

እዚያ ዲስክ ውስጥ ያሉት ፎቶ ቤታችንን በከፈትንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የቀረፃቸው ሰርጎች ናቸው። ካሴት ላይ ነበሩ። የድሮው ሰፈራችን ፈርሶ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ሱቅ ስንይዝ፣ ካሴቶቹን ሻጋታ እየበላቸው ስለነበር ፍሰሐ ሁሉንም ወደዚህ ዲስክ ገለበጣቸው፤ ካሴቶቹን ጣልናቸው። ሌላ ቅጂ የለም። ከነዚያ ሰርጎች አንዱ ደግሞ የመርየም ነው።

መርየም ከላያችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የወሎ ሰው ናት፤ ጎረቤቴ ብቻ ሳትሆን ገበናዬን የምታውቅ ወዳጄ ናት። በሰርጓ ዕለት አባቷ ሼህ በከር ዱዓ አድርገው መርቀዋት ነበር። በዓመቱ ሞቱ። ድምፃቸው ከዚያ ቪዲዮ በቀር የትም የለም። አሁን ልጇ ጀነት ልትዳር ነው፤ ኒካሑ እሑድ ነው። ጀነት አያቷን አታውቃቸውም። መርየም ከሳምንት በፊት ሱቅ ድረስ መጥታ፣ «ትርፌዬ፣ ያቺን የአባዬን ምርቃት አውጡልኝ። እሑድ ሰው በተሰበሰበበት ጀነትን እሱ እንዲመርቅልኝ ነው» አለችኝ።

«አለ፤ ይወጣል» ብያታለሁ። እኔ አለ ካልኩ አለ ነው።

ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ ጌጃ ሰፈር መግቢያ ያለው ሕንፃ ላይ ሱቅ ወዳለው ወደ ሺፋ ሄድኩ። ፍሰሐም ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ሺፋ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፣ ይጠግናል፤ የእኛንም ሲጠግን ኖሯል። ሰው ማሳቅ ይወዳል። ዲስኩን ሰክቶ ጆሮውን አስጠጋና እንደ ሐኪም አዳመጠ። አልሳቀም።

«ማዘር፣ ይሄ ሰው ደክሟል።»

«ይድናል?»

«መዳን አይድንም። የያዘውን ሳይሞት ልናወጣለት እንችላለን። የፋይሎቹን ስም ማሳየት አቁሟል፤ ስለዚህ የመርየምን ብቻ መርጠን ማውጣት አይሆንም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳለ ቀድተነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ውስጡን የምንፈልገው። እሱም ቀስ እያለ ነው የሚቀዳው። ደግሞ አንዴ ከተነሳ ባያርፍ ይሻላል። ካረፈ በኋላ መነሳቱን እኔ አላምነውም።»

«እና ወደ ምን እንቅዳው?»

«ትልቅ ኤክስተርናል ግዙና—» ብሎ ፍሰሐ ጀመረ።

«ይሄስ ምን ነበር?» አልኩት። «ይሄም ኤክስተርናል ነበር። መሳቢያው ውስጥ የደረደርካቸውም ኤክስተርናል ናቸው። ዛሬ ይሄ ተንኳኳ፣ ነገ ያኛው ይንኳኳል፤ እኔ በየዓመቱ የሞተ ዲስክ በፎጣ ጠቅልዬ ልሮጥ ነው?»

እንዲህ እያልኩ ሳለ ዓይኔ ከሺፋ ጠረጴዛ ሥር አንድ ሳጥን ላይ አረፈ። ሰማያዊ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ሺፋ ጋ ስመጣ የምቀመጥበት ወንበር ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

«ይሄስ?»

«ይሄ የኔ ማከማቻ ነው። ዕቃውን መርጬ ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት። ሱቅ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በኬብል እዚህ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። የሞተውን አውጥቼ አዲስ ስከትለት፣ ራሱ መልሶ ይሞላዋል።»

«ራሱ?»

«ራሱ።»

እግዜር ያሳያችሁ! ስንት ዘመን በዚያ መሳቢያ ስሳቀቅ፣ ከሱቃችን ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ! ወንበሬን ወደ ሳጥኑ ሳብኩና፣ «ሺፋ፣ እንደዚህ ያለ ስጠኝ። ዛሬ» አልኩት።

ፍሰሐ ወደ ጣሪያው አየ። ይሄ የትዳራችን ምልክት ነው፤ ጣሪያ ካየ ተሸንፏል ማለት ነው።

ሺፋ ተሠርቶ ያለቀ፣ ትንሽና ቆንጆ እንዳለ፣ ግን ከውጭ አስመጥቶ ለእሑድ እንደማይደርስልን ነገረን። «ስለዚህ እንገጣጥማለን» አለና እጆቹን አፋተገ። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩት። የሚመረጥ ዕቃ ባለበት ቦታ እጅና እግሬ አያርፍም፤ እንኳን ይሄን የመሰለ ነገር፣ ሽንኩርት ስመርጥም ባለሱቁ ይማረራል።

መጀመሪያ ሳጥኑ። ሺፋ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይ አረንጓዴ የሚያበራ አንዱን አወጣ። «አዲሱ ይሄ ነው፤ ሁሉም ይሄን ነው የሚፈልገው።»

«ይሄ ጭፈራ ቤት ነው ወይስ ዕቃ ማስቀመጫ?»

«ያምራል እኮ፣ ማዘር።»

«ስንት ዲስክ ይይዛል?»

«ሁለት።»

«ታዲያ መብራቱ ነው የሚያስቀምጥልኝ?»

ከጥግ በኩል ከተከመረ ካርቶን ሥር አንድ ጥቁር አሮጌ ቶወር አየሁ። ከቢሮ የወጣ፣ የንብረት ቁጥር ጎኑ ላይ የተለጠፈበት። ካርቶኖቹን አውርጄ ልስበው ስል ንቅንቅ አልል አለኝ። ወደድኩት። ፍሰሐ አገዘኝና ሆዱን ከፈትነው። አራት የዲስክ መሳቢያ አለው፤ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል፣ ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይገባል። ከፊቱ የምጣድ አክንባሎ ባያህል የወጥ ሳህን የሚያህል ማራገቢያ አለው።

«እሱ እኮ ለመለዋወጫ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለ ሺፋ። «አርጅቷል።»

«እኔስ አላረጀሁም? አስነሳው።»

እየሳቀ ጎንበስ ብሎ ማዘርቦርዱን በስልኩ መብራት ማየት ጀመረ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ኧረ! ይሄ እኮ ስህተቱን ራሱ የሚያርመውን ራም ይቀበላል! እኔ ራሴ ለኔው ስፈልገው የነበረ ነው። ልሽጠው ወይስ ልያዘው?»

«ሸጠኸዋል» አልኩና ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩበት።

ሁሉ ነገር እኔ እንዳልኩት አልሆነም። ፓወር ሰፕላዩን፣ ያንን መብራት ለሁሉም የሚያድለውን ብረት፣ ከባድ ስለሆነ እዚያው እንዳለ ይቆይ ብዬ ነበር። ሺፋ ነቅሎ አሸተተውና እኔንም አስሸተተኝ። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። «በዚህ ላይ አልደራደርም» አለ። አልተደራደረም፤ አዲስ ገባ።

ትልቁ ጠባችን ዲስኮቹ ላይ ነው። ሺፋ ለጥበቃ ካሜራ የተሠሩትን ወደ ጎን አድርጎ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆኑትን አሳየኝ። አራት እንፈልጋለን። አንድ ካርቶን ሙሉ አለው፣ ማሸጊያቸው ያልተከፈተ፣ ቁጥራቸው ተከታታይ። ደስ አለኝ።

«አራቱንም ከዚህ አውጣልኝ።»

«ሁለቱን ከዚህ ልስጥዎት፣ ሁለቱን ከሌላ ቦታ እንፈልግ።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን፣ አንድ ማሽን ላይ የተሠሩ ናቸው። ችግር ካለባቸው ሁሉም አለባቸው፤ ሲሞቱም ተያይዘው ሊሞቱ ይችላሉ።»

ይሄ ጆሮዬ አልገባ አለ። እኔ የሴቶች እድራችን ዕቃ ያዥ ነኝ። ሳህን ስንገዛ ከአንድ ካርቶን፣ ብርጭቆ ስንገዛ ከአንድ ካርቶን ነው። ዝንጉርጉር ዕቃ ድንኳን ውስጥ ከገባ ሴቶቹ ለወር ያሙኛል። አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ላይ ይሄዳል፣ አይጠፋም፣ አይምታታም። ይሄንኑ ለሺፋ አስረዳሁት። እሱም የሱን ደገመልኝ። እኔም የኔን ደገምኩለት።

ፍሰሐ መሀላችን ገባ። «ትርፌ» አለ። «የሀያትን ሰርግ አስታውሺ። አምፖሎቹን።»

አስታወስኩ። ለቀረፃ ሁለት አዲስ አምፖል ከአንድ እሽግ ገዝተን ሄድን። ሙሽራዋ ገና ደጃፍ ስትደርስ አንዱ ጧ አለ። በሁለተኛው ቀየርነው፤ ያም ጧ አለ። ሀያትን ሚዜዎቹ ሁለት መኪና አቁመውላት በመኪና መብራት ነው የቀረፅናት። እስከዛሬ «መብራት ያፈዘዘው ጥንቸል የመሰልኩበት ሰርግ» ትለዋለች።

«ሁለቱን ከሌላ ቦታ ፈልግ» አልኩት ሺፋን።

ራሱ ሮጦ ታች ካለው ተፎካካሪው ሱቅ ሁለት ዲስክ ይዞልኝ መጣ። የሌላ ሰው ዕቃ ገዝቶ ለደንበኛው የሚያመጣ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ በቀረን ገንዘብ ወይ ፈጣን የኔትወርክ ካርድ ወይ ትልቅ ዩፒኤስ ምረጡ አለን። የፍሰሐ ልብ ካርዱ ላይ ነው።

«መብራት ሲሄድ ፈጣኑ ካርድ ምን ይሠራልኛል? ባትሪውን ስጠኝ።»

ታክሲ ውስጥ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ፣ «ማዘር፣ ዕቃው ጣሪያ ላይ ይጫን» አለ። «አንተ ላይ ይጫን» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። ልደታ እስክንደርስ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነበር።

ሺፋ ዓርብ ጠዋት መጥቶ ሱቃችን ውስጥ ገጣጠመው። ባንኮኒው ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩለት። ዲስኮቹን መሳቢያቸው ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ፤ በዚህ ማንንም አላስነካሁም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይሄኛው ቀጭ ግን የጤና ነው። ቁልፉን ስጫነው ማራገቢያው ተነፈሰ፣ ከዚያ ዲስኮቹ ተራ በተራ እየተነሱ፣ ዝዝዝ እያሉ፣ አራቱም አንድ ላይ ሲዘምሩ ሳላስበው እልል አልኩ። ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠ ሰውዬ ደንግጦ ብድግ አለ። ፎቶው ሲወጣ ዓይኑ ፈጦ ነበር፤ ደግመን አነሳነው።

ከዚያ የታመመውን ሰካነው። ቀጭ ቀጭ አለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ቀጭ አለና ተነሳ። መቅዳት ጀመረ። ማታ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም ሲል ዩፒኤሱ ጢው ጢው እያለ ያዘልኝ፤ መብራቱም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ፍሰሐን አየሁት። እሱም ጣሪያውን አየ።

ቅዳሜ ጠዋት መርየም የእሑዱን ሥራ አቋርጣ ወረደች። የዲስኩን መታመም ነግሬያት ስለነበር ጭንቀቷ ፊቷ ላይ ነበር፤ ሳጥኑን ስታየው ግን ፈካ አለች።

«ይሄ ነው አባዬን የሚይዘው?»

«ይሄ ነው። ገና እየቀዳ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ራቁቱን ታስቀምጡታላችሁ?» ብላ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ይዛለች፣ ነጭ፣ ዙሪያው አበባ። ለቴሌቪዥኗ ያዘጋጀችው ነበር። ተባብረን አለበስነው። ከፊት እስከ ወለሉ ድረስ ወረደለት። እንደ ሙሽራ! ሱቃችን ራሱ ሌላ ሱቅ መሰለ። ደግሞ ውጭ መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ አቧራውን ይከለክልልናል ብዬ በጣም ደስ አለኝ። ፍሰሐ ቀረፃ ሄዶ ነበር፣ የሚናገር አልነበረም።

እኩለ ቀን አካባቢ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። እየበረታ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደግሞ ጮኸ። ከዚያ እንደ ሰው ተንፍሶ ዝም አለ። መብራቱ ሁሉ ጠፋ። የታመመውም ዲስክ አብሮ ቀጭ አለና ቆመ።

ለሺፋ ደወልኩ። ሳላውቀው ለመርየምም ደውዬላት ኖሯል፤ ሁለቱም በሩ ላይ ተገናኙ። ፍሰሐም ካሜራውን እንዳንጠለጠለ ደረሰ። ሺፋ ሳጥኑን ሲያይ ቆመ።

«ማዘር፣ ይሄን ማን አለበሰው?»

«እኛ።»

«ለምን?»

«ራቁቱን ነበራ!»

ዳንቴሉን ገልጦ እጁን ሲያስጠጋ ወዲያው መለሰው። ያ ትልቁ ማራገቢያ አበባ አበባውን ወደ ውስጥ ስቦ ፊቱ ላይ ለጥፎታል። «በዚህ በኩል እኮ ነው የሚተነፍሰው! አፍናችሁት ነው። ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን አጠፋ።»

መርየም እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። አባዬን በገዛ እጄ—»

«ዝም በይ፤ ያለበስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሳጥኑስ ተነስቶ ይሠራል?»

«ሳጥኑ ምንም አልሆነ፤ አዲሶቹም ደህና ናቸው» አለ ሺፋ። «የተቀዳውም አለ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ያስፈራኝ ሽማግሌው ነው።»

ሽማግሌውን ዲስክ ነቅለን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥነው። ግሎ ነበር። ፍሰሐ የፎቶ ካርቶን አንስቶ ያራግብለት ጀመር። የመርየም ከንፈር ብቻ በዱዓ ይንቀሳቀሳል። ልብስ የማይለበስለት ዕቃ እንዳለ ያን ቀን ገባኝ። ዳንቴሉን አጣጥፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት።

ሲበርድ ሺፋ ሳጥኑን አስነሳ። አራቱ ዘመሩ። ከዚያ ሽማግሌውን ሰካ።

ቀጭ።

ምንም።

ቀጭ። ቀጭ።

«በል እንጂ» አልኩት። «አትንቀባረር።»

ቀጭ አለና ዝም አለ። ከዚያ ከሆዱ ዝዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ መብራቱ ብልጭ አለ። ሺፋ ጠረጴዛውን በቡጢ መታና፣ «ተነሳ! ተነሳ በሉኝ!» ብሎ ጮኸ። ፍሰሐ በካርቶኑ ሺፋን ማራገብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማንም ከሱቁ አልወጣም። ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ በሹክሹክታ ነው ያነሳነው።

ፀሐይዋ ወደ ፍርድ ቤቱ ጣሪያ ስታዘቀዝቅ አለቀ። አንዳንድ ቦታ ሊነበብ ያልቻለ ክፍተት እንዳለ ሺፋ ነገረን። «የትኛው ሰርግ ላይ እንዳረፈ አላውቅም» አለ። ከዚያ ስሞቹ ተራ በተራ እየወጡ መጡ። ፍሰሐ የመርየምን አገኘው። ከፈተው። መርየም ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

ድንኳኑ፣ ሴቶቹ፣ የዱሮዋ ቀጭን መርየም። ምስሉ አንዴ ተቆራረጠ፤ አረንጓዴ ሆነ፤ ተመለሰ። ሰው ሁሉ እጁን ለዱዓ ሲዘረጋ ካሜራው ድንገት ወደ መሬት ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው፤ የምንጣፉ ጫፍ ላይ የተከመረ የእንግዳ ጫማ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ሁሉም እጁን ሲዘረጋ እኔ ብቻ ካሜራ ደቅኜ መቆም አሳፈረኝ» አለ ፍሰሐ። «አወረድኩት። ግን አላጠፋሁትም።»

አላጠፋውም። ከጫማዎቹ በላይ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ወሎ ወሎ የሚል። «ያ ረቢ፣ ይህን ቤት ሙላው። ይችን ልጄን ከነሆዷ ባርክ። ከሷ የሚወለዱትን፣ እኔ የማላያቸውን፣ አንተ እያቸው…» ሕዝቡ «አሚን» ይላል።

መርየም አላለቀሰችም። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ጣቷን አስቀመጠች። «ያ ጥቁሩ፣ ተረከዙ የተረገጠው፣ የአባዬ ነው። ሁሌም ሳያስር ነው የሚጫማው። ያ ቡናማው የአጎቴ ነው። ያቺ ሰንደል… ያቺ የኔ ናት! ትርፌ፣ ያቺ ሰንደል የኔ ናት፤ ከሰርጉ በኋላ ጠፍታብኝ ስንት ሰው አማሁባት!»

ሳቋ እንባዋን አመጣው። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ሳይሆን መላ ሕንፃው እንዲሰማ ነው የጮኸችው።

«ጀነት! ሥራውን ተይው፣ ውረጂ! አያትሽ እየመረቀሽ ነው!»

ከላይ በር ሲከፈት፣ ደረጃው ላይ ሩጫ ሰማን።

«ፍሰሐ፣ ከመጀመሪያው መልሰው» አልኩት። «ከጫማዎቹ ጀምር።»